ሁለቱም ጆሮ ይታይ

ወንዲ፦ ኦቦ ሁንዴ፣ አሁንም ጥላዎ አበባው ላይ ነው!

ሁንዴ፦ ታዲያ ጥላዬን ምን ላድርገው? ቤት አስቀምጬው ልምጣ?

ወንዲ፦ ወደ ግራ ፈቀቅ ይበሉ።

ሁንዴ፦ በማን ግራ?

ወንዲ፦ በእኔ ነዋ!

ሁንዴ፦ አንተ በሆድህ ተኝተሃል። በሆዱ የተኛ ሰው ግራው በየት በኩል ነው?

[ቦታው ሱሉልታ ነው፤ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሱበት የኦቦ ሁንዴ ሜዳ። ጊዜው መስከረም ሃያ አንድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ፍንትው ብላ ወጥታለች፤ ንፋሱ ግን የሱሉልታ ንፋስ ነው፣ ፀሐይ ወጣች አልወጣች ግድ የለውም። ሜዳውን አደይ አበባ ሞልቶታል። በሩ አጠገብ ደግሞ በረድፍ የቆሙ ቀያይ ጽጌረዳዎች አሉ፤ ወንዲ የተጋደመው ከነሱ ሥር ነው። ወንዲ ሰበታ ውስጥ ፎቶ ቤት አለው። ስለ ካሜራ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም አይነግራችሁም። ኦቦ ሁንዴ የሜዳው ባለቤት ናቸው፤ ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቆባቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን ደርበው ቆመዋል።]

ሁንዴ፦ ሌሎቹ ቆመው ነው የሚያነሱት። ጠቅ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። አንተ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተኝተህ አንዴም ጠቅ አላልክ።

ወንዲ፦ እነሱ የሚያነሱት ሙሽራ ነው። ሙሽራ ብትደበዝዝ ሚዜዎቹ አሉ። አበባ ቢደበዝዝስ ማን አለው?

ሁንዴ፦ እሺ፣ ይሄ ሁሉ አደይ እያለልህ ምነው እዚህ በሩ ሥር ተወሸቅህ?

ወንዲ፦ አደይማ የማንም ነው! በመስከረም ስልክ ያለው ሁሉ አደይ ያነሳል። ይሄ ግን ጽጌረዳ ነው፣ ኦቦ ሁንዴ! በዚህ ብርድ፣ በዚህ ንፋስ፣ ሜዳ ላይ!

ሁንዴ፦ ይሄ እኮ የላስቲክ አበባ ነው።

ወንዲ፦ አውቃለሁ።

ሁንዴ፦ ታውቃለህ?

ወንዲ፦ አንቱ ሰው፣ እኔ የሰበታ ልጅ ነኝ! እኛ ጋ አበባ ማለት የላስቲክ ነው። ሜዳው ሁሉ ላስቲክ ተወጥሮበታል፤ አበባው የሚያድገው ከሥሩ ነው። እህቴ አረጋሽ አምስት ዓመት ላስቲክ ውስጥ ነው የሠራችው።

ሁንዴ፦ [ደንግጠው] እህትህ? ላስቲክ ውስጥ?

ወንዲ፦ ላስቲክ ውስጥ።

ሁንዴ፦ ያ ዋቅ! እና በምን ትተነፍስ ነበር?

ወንዲ፦ ይተዉት፣ አይገባዎትም። ዋናው ነገር፣ የአበባ እርሻው ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ትጊ የምትባል ልጅ አለች። ለፈረንጅ ደንበኞቻቸው የሚልኩት ካላንደር አለ። «ወንዲ፣ ለሽፋኑ አንድ ፎቶ ፈልግልኝ፣ አበባው ግን ላስቲክ ቤት ውስጥ ሳይሆን ውጪ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ይሁን» አለችኝ። የላስቲክ አበባ ሜዳ ላይ! እስቲ የት አገኛለሁ ብዬ ተጨነቅሁ። ፉሪ ዳገት ወጣሁ፣ የለም። ሰንዳፋ ድረስ ሄድኩ፣ የለም።

ሁንዴ፦ እንደዚያ ከሆነማ ተገናኝተናል። ይሄ የላስቲክ ነው፣ ሜዳ ላይ ነው፣ ፀሐይም ይኸው።

ወንዲ፦ እኮ! እግዜር ነው ወደ እርስዎ የመራኝ። በሉ አሁን ዝም ይበሉ፣ ካሜራውን ማኑዋል ላድርገው።

ሁንዴ፦ ዛሬ አማኑኤል አይደለም እኮ።

ወንዲ፦ ምን?

ሁንዴ፦ ዛሬ ሃያ አንድ ነው፣ ማርያም ናት። አማኑኤል የሚውለው የዛሬ ሳምንት ነው።

ወንዲ፦ ማ-ኑ-ዋል! ካሜራው እንዳያስብ፣ እኔ እንዳስብለት የሚደረግበት ነው።

ሁንዴ፦ ካሜራው ማሰብ ይችላል እንዴ?

ወንዲ፦ ይችላል። አውቶ ይባላል።

ሁንዴ፦ ታዲያ ብትተወውና እሱ ቢያስብ ምናለበት? አንተም ታርፋለህ።

ወንዲ፦ አውቶ የሰነፍ ነው! በአውቶ የሚያነሳው አክመል ነው።

ሁንዴ፦ አክመል ደግሞ ማነው?

[ወንዲ ቀና ብሎ ይቀመጣል። ጉልበቱ ላይ ጭቃ፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ቁጭት አለ። የአክመል ስም ሲነሳ ሁሌም እንዲህ ያደርገዋል።]

ወንዲ፦ ቡራዩ ያለ ባለ ፎቶ ቤት ነው። የአምናውን ካላንደር የሠራው እሱ ነው። እኔስ? እኔ ስምንት ዓመት ሙሉ ጆሮ ሳነሳ ነው የኖርኩት፣ ኦቦ ሁንዴ።

ሁንዴ፦ የምን ጆሮ?

ወንዲ፦ ጉርድ ፎቶ ነዋ! ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት። «ቀና ይበሉ፣ አይሳቁ፣ ሁለቱም ጆሮ ይታይ።» ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። የሰበታን ሰው የማውቀው በጆሮው ነው። ሴት ልጅ ፀጉሯን ከለቀቀችው መንገድ ላይ አልለያትም። ባለፈው የገዛ አክስቴን ዘግቻት አለፍኩ።

ሁንዴ፦ ኧረ ተው!

ወንዲ፦ በማርያም! እስከ ስድስት ሰዓት ፎቶዬ ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ካልተወደደ፣ ካላንደሩ ዘንድሮም የአክመል ነው። እኔም ወደ ጆሮዬ እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ ሰው «ይሄን ያነሳው ማነው?» ብሎ ቢጠይቅልኝ ይበቃኝ ነበር።

ሁንዴ፦ [ሆዳቸው ባብቶ] አይዞህ፣ ልጄ። እኔ ምን ላግዝህ?

ወንዲ፦ ይሄን ይያዙልኝ። የመኪና ፀሐይ መከላከያ ነው፤ ብርሃኑን ወደ አበባው ይመልስልኛል። እንደዚያ። አይንቀጥቀጡ። በመጀመሪያ ዋይት ባላንስ።

ሁንዴ፦ የኔም ባላንስ አልቋል። ትናንት ባለቤቴ ደጊቱ ከእህቷ ጋር አውርታ ጨረሰችው።

ወንዲ፦ የስልክ ባላንስ አይደለም! የቀለም ነው። ነጩ ነጭ እንዲሆን የሚደረግበት።

ሁንዴ፦ አበባው ቀይ ነው።

ወንዲ፦ ቀዩ ቀይ እንዲሆን መጀመሪያ ነጩ ነጭ መሆን አለበት።

ሁንዴ፦ ይሄማ ፖለቲካ ነው፣ እኔ አልገባበትም።

ወንዲ፦ ቀጥሎ አይ ኤስ ኦ...

ሁንዴ፦ ኤሳ? እዚሁ ነዋ፣ ሱሉልታ።

ወንዲ፦ በኦሮምኛ «የት» አላልኩም! አይ ኤስ ኦ ነው ያልኩት! ካሜራው ብርሃን ምን ያህል እንደሚጠማው የሚነገርበት ነው። አሁን ፀሐይ ስላለ አራት መቶ ይበቃዋል። ቢመሽ ኖሮ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ አደርገው ነበር።

ሁንዴ፦ ገባኝ። ሲመሽ ጥሙ ይጨምራል። እኛም ሰፈር እንደዚያ የሆኑ ሰዎች አሉ።

ወንዲ፦ ከዚያ አፐርቸር። ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ኤፍ ሁለት ሰፊ ነው፣ ኤፍ አሥራ አንድ ጠባብ ነው።

ሁንዴ፦ አሥራ አንድ ከሁለት ያንሳል?

ወንዲ፦ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። እንዴት ላስረዳዎት...

ሁንዴ፦ እንደ ዳቦ በለኛ! ዋጋው ሲጨምር ዳቦው ያንሳል።

[ወንዲ ይህንን ነገር ለመረዳት ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ምሳሌዋን ግን ለሌላ ጊዜ በራሱ ስም ሊጠቀምባት በልቡ ይይዛታል።]

ወንዲ፦ እ... እንደዚያ ነገር ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ደግሞ ዴፕዝ ኦፍ ፊልዱ ያጥራል።

ሁንዴ፦ ፊልድ ነው የወጣኸው? ታዲያ አበል አለው በለኛ! የግብርናው ዮአብ ፊልድ ሲወጣ አበል አለው።

ወንዲ፦ ኧረ በፈጠረዎት! ጥርት ብሎ የሚታየው ቦታ ማለቴ ነው። ሰፊ ብከፍተው አበባው ብቻ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል። አክመል እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ጉዱን በድብዝዝ ይሸፍናል። እኔ የምደብቀው የለኝም! አሥራ አንድ አደርገውና ቅጠሉ ፊቱም ጀርባውም ጥርት ብሎ ይታያል።

ሁንዴ፦ ጀርባውም?

ወንዲ፦ ጀርባውም!

ሁንዴ፦ ጀርባው ይቅርብህ።

ወንዲ፦ ለምን ይቀራል?

ሁንዴ፦ ጽሑፍ አለው።

ወንዲ፦ [ዓይኑ እንባ አቅርሮ] ኦቦ ሁንዴ! እንዲህ ዓይነት ሰው ነዎት ለካ! ልክ ነዎት፤ እያንዳንዱ ቅጠል ላይ ተፈጥሮ በእጇ ጽፋበታለች።

ሁንዴ፦ በእጅ እንኳ አይመስለኝም። በማሽን ነው።

ወንዲ፦ [ሳይሰማ] አሁን ፍጥነት። የሻተር ፍጥነት።

ሁንዴ፦ ለአበባ ፍጥነት ምን ያደርጋል? የት ይሄድብሃል?

ወንዲ፦ ንፋሱ ያወዛውዘዋላ! በአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ቀጥ አድርጌ አቆመዋለሁ። ሰከንዷን አምስት መቶ ቦታ ይቆርጧታል፣ ከዚያ አንዷን ይወስዳሉ።

ሁንዴ፦ የተረፉትስ?

ወንዲ፦ ይሄዳሉ።

ሁንዴ፦ ውይ ብክነት!

[ንፋስ ይነሳል። የሜዳው አደይ በሙሉ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ይጎነበሳል። የኦቦ ሁንዴ ጋቢ ፊታቸው ላይ ይጠመጠማል፣ የመኪናው ፀሐይ መከላከያ ከእጃቸው አምልጦ አጥሩ ላይ ይለጠፋል። ጽጌረዳው ንቅንቅ አይልም። ወንዲ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ያደርጋል።]

ወንዲ፦ አዩልኝ? አዩልኝ? ቀጥ! ይሄ ነው የሻተር ፍጥነት!

ሁንዴ፦ ካሜራው የሚያቆመው ፎቶው ላይ መስሎኝ። እኔ በዓይኔም ሳየው ቀጥ ብሏል።

ወንዲ፦ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ነው።

ሁንዴ፦ ሽቦ ነዋ።

ወንዲ፦ ሽቦ ነው እንጂ! እንዲህ ያለ ግንድ ሰበታ የለም። [አፍንጫውን አስጠግቶ] ሽታም የለውም።

ሁንዴ፦ ትንሽ ሳሙና ሳሙና ይላል። ደጊቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥበዋለች።

ወንዲ፦ ብልህ ሴት ናት! ሳሙና ተባይ ያባርራል። ደግሞ ኤክስፖርት የሚደረግ አበባ ሽታ የለውም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ንብ እንኳ አይጠጋውም፣ አዩ? ካሜራዬን ፈርቶ ነው።

ሁንዴ፦ አንተ ከመምጣትህ በፊትም ተጠግቶት አያውቅም። ውሃም አይጠጣ።

ወንዲ፦ ድርቅ የሚችል ዝርያ!

ሁንዴ፦ ከአምና መስቀል ጀምሮ እንደተከፈተ ነው።

ወንዲ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚያብብ! ችግኙን ከየት አመጣችሁት?

ሁንዴ፦ ከመርካቶ። በደርዘን። ግን ችግኝ አይደለም፣ አበባውን ነው የገዛነው።

ወንዲ፦ ከነአበባው የሚተከል! ሳይንስ የት ደርሷል፣ ጃል!

[ኦቦ ሁንዴ ወንዲን ትክ ብለው ያዩታል። ወይ እሳቸው ያልደረሱበት ጥልቅ ነገር አለ፣ ወይ ደግሞ ልጁ ቁርስ አልበላም። እንዳይጠይቁት ይሉኝታ ያዛቸው። ወንዲ ግን በሕይወቱ እንደዛሬ ደስ ብሎት አያውቅም።]

ወንዲ፦ አሁን ስልኬን ይያዙና እኔን ያንሱኝ። ሥራ ላይ እያለሁ። ለቴሌግራም ቻናሌ ነው።

ሁንዴ፦ ቶሌ፣ እሺ። በምን ላድርገው? በአማኑኤል ነው በማርያም?

ወንዲ፦ ምንም አይንኩ! ክቧን ብቻ ይጫኗት።

[ወንዲ ወደ አደዩ ውስጥ ይገባና በሆዱ ተዘርግቶ፣ መቀመጫውን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ጽጌረዳው ላይ ያነጣጥራል። ኦቦ ሁንዴ ክቧን ይጫኗታል። አይለቋትም። ስልኩ እንደ ወፍጮ ይንጣጣል።]

ወንዲ፦ ኧረ ይልቀቁት!

ሁንዴ፦ ይጫኗት አልክ እንጂ ይልቀቋት መቼ አልክ?

ወንዲ፦ አርባ ሦስት ፎቶ! አርባ ሦስት! በሉ ይስጡኝ፣ ሰዓቱ ደርሷል።

[ወንዲ የጽጌረዳውን ፎቶዎች ከካሜራው ወደ ስልኩ ያሳልፋል። እጁ በብርድ ደንዝዟል። ምርጡን አንድ ፎቶ ሊልክ ሲል ጣቱ «ሁሉንም ምረጥ» የምትለዋ ላይ አርፎ፣ ያለው ሁሉ ተግተልትሎ ወደ ትጊ ይሄዳል፤ የኦቦ ሁንዴም አርባ ሦስቱ አብረው። ወንዲ አላስተዋለም። ጥቂት ቆይቶ ስልኩ ይጮሃል።]

ወንዲ፦ ትጊ ናት! አላልኩዎትም? ሄሎ፣ ትጊዬ! ደረሰሽ?... ጥራቱ እንዴት ነው?... [ወደ ኦቦ ሁንዴ] «እንደዚህ የጠራ ፎቶ አይቼ አላውቅም» ትላለች! አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ነው ያደረግኩት ትጊዬ!... ምን? ከመጥራቱ የተነሳ ይነበባል?... ምኑ ነው የሚነበበው?... ቅጠሉ ጀርባ ላይ?... «ሜድ ኢን»? የምን ሜድ ኢን?

ሁንዴ፦ ጀርባው ይቅርብህ ብዬ ነበር።

[ወንዲ ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ ቅጠሉን ይገለብጣል። ያነባል። ጽጌረዳውን ይጎትተዋል። ጽጌረዳው ሥር የለውም፤ ከነሽቦው ብድግ ብሎ ይመጣል።]

ወንዲ፦ ይሄ... ይሄ ፕላስቲክ ነው!

ሁንዴ፦ ላስቲክ ነው። ነግሬሃለሁ እኮ።

ወንዲ፦ የላስቲክ ሲሉ እኔ...

ሁንዴ፦ የላስቲክ ስል የላስቲክ ማለቴ ነዋ! አምና በረዶ ጽጌረዳዬን ሲጨርሰው፣ ለሙሽሮቹ እንዲያምር ብላ ደጊቱ ገዝታ ተከለችው።

ወንዲ፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ሁንዴ፦ ሽቦ ነው አልኩህ። በሳሙና ይታጠባል አልኩህ። ውሃ አይጠጣም፣ ከመርካቶ በደርዘን ነው አልኩህ። መጀመሪያውኑ የላስቲክ ነው ስልህ «አውቃለሁ» አልከኝ። አውቃለሁ ላለ ሰው ምን ይነገረዋል?

[ወንዲ ጭቃው ላይ ቁጭ ይላል። በዓይኑ ላይ ጆሮ ብቻ ይመላለስበታል፤ ትንሽ ጆሮ፣ ትልቅ ጆሮ፣ ጉትቻ ያለው፣ የሌለው። ስልኩ ግን አልተዘጋም።]

ወንዲ፦ ትጊ፣ አለሽ?... እሱ ማነው የሚስቀው?... ሥራ አስኪያጁ?... ይሳቅ፣ መብቱ ነው... የቱ? የቱን ነው የወደደው?... አደዩን?... ሰውዬው የተዘረረበትን? ያንን እኔ አልላክሁም... አርባ ሦስት? አርባ ሦስቱም ደረሰሽ?... [ድምፁ እየቀጠነ] ለሽፋኑ? እውነትሽን ነው? አደዩ ንፋስ ላይ እንዳለ፣ ሰውዬውም እንዳለ?... «ይሄ በማኑዋል ነው የተነሳው?» ትላለች።

ሁንዴ፦ በማርያም ነው በላት።

ወንዲ፦ «ይሄን ያነሳው ማነው?» ትላለች።

[ስምንት ዓመት የጠበቃት ጥያቄ መጣች። ወንዲ «እኔ» ለማለት አፉን ይከፍታል። ችግሩ፣ ፎቶው ውስጥ መቀመጫውን ሰቅሎ የተጋደመው ራሱ ነው። አፉን መልሶ ይገጥማል።]

ወንዲ፦ ኦቦ ሁንዴ ይባላሉ... አዎ፣ እዚህ ሱሉልታ... የቀሩትንም ወራት? ለአክመል አልሰጣችሁትም? እሳቸው ያንሱልን?... እሺ... እሺ፣ እነግራቸዋለሁ... ምን? ለውሉ?... ዛሬውኑ?... እሺ ትጊ። ቻው።

ሁንዴ፦ ምን አለችህ?

ወንዲ፦ ካላንደሩ የእርስዎ ሆኗል።

ሁንዴ፦ የኔ? ካሜራም የለኝ!

ወንዲ፦ ካሜራ አልጠየቁም። ለውሉ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይምጣ ነው ያሉት።

ሁንዴ፦ ጉርድ ፎቶ ደግሞ አሁን ከየት አመጣለሁ?

[ወንዲ ካሜራውን ከአደዩ መሃል ያነሳና ጭቃውን በሸሚዙ ይጠርጋል። ኦቦ ሁንዴ ነገሩ ገብቷቸው በሩ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።]

ሁንዴ፦ በአውቶ አድርገው፣ እሱ ያስብልህ።

ወንዲ፦ [አውቶ ላይ እያደረገ] ቀና ይበሉ።

ሁንዴ፦ ብያለሁ።

ወንዲ፦ አይሳቁ።

ሁንዴ፦ እየሞከርኩ ነው።

ወንዲ፦ ቆብዎን ያውልቁ። ሁለቱም ጆሮ ይታይ።

ሁንዴ፦ [ቆባቸውን አውልቀው] የኔማ ይኸው አለ፣ ልጄ። ጠዋቱን ሙሉ የጠፋው ያንተ ነው።